ጥቁሩን ጠጠር የጣለው ማነው?

ቲማሬቴ ከሄራክሌስ ቤተ መቅደስ ጀርባ፣ ከጎረቤቷ ከዴሜያስ የበለስ ዛፍ ሥር ቆማ ከአጥሩ ማዶ የሚባለውን ትሰማ ነበር። ሴት ሸንጎ አትገባም። ከአጥር ውጭ ቆማ እንዳትሰማ የሚከለክል ሕግ ግን የለም፤ ካለም ማንም አልነገራትም።

የዕለቱ ጉዳይ የልጇ ነበር። ኬፊሶን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። እንደ ወጉ የኬድሪያ መንደር ወንዶች ተሰብስበው፣ ምለው፣ ልጁ ከአቴናዊ አባትና ከአቴናዊት እናት መወለዱን በድምፃቸው ያጸናሉ፤ ስሙም ከዜጎች ጋር ይጻፋል። ከዚያ ጦርና ጋሻ ይይዛል፤ ጊዜው ሲደርስ ከተማ ወርዶ በትልቁ ሸንጎ እጁን ያወጣል፤ ዕጣ ከደረሰው ይፈርዳል፣ ይሾማል። ለሌላው ልጅ ሁሉ ይህ የአንድ ረፋድ ነገር ነው። ወይን ተጠጥቶ፣ ትከሻ ተመትቶ ሰው ወደ እርሻው ይመለሳል።

ድምፅ የሚሰጡበት ጠጠር ከመታደሉ በፊት ግን የመንደሩ ጭቃ ሹም አንቲዶሮስ ተነሣ። የዚህ ሰው ድምፅ እንደ ዘይት ነው፤ ሲፈስ አይሰማም፣ ልብስ ከነካ በኋላ ግን አይለቅም።

«ወንድሞቼ» አለ፣ «ሚኮን ጎረቤቴ ነው፤ በእሱ ላይ ክፉ ቃል የለኝም። ግን ምለናል። ሚስቱ ስትናገር ሰምታችኋል። ውሃ ስትል እንኳ አፏ የደሴት አፍ ነው። ከሌምኖስ በመርከብ የመጣች ሴት ናት። አባቷ አቴናዊ ነበር ይባላል። ማነው የሚለው? እሷው ናት። ይሄን መጠየቄ እኔንም ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ፣ ሕግ ነው።»

አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌላው ሳቀ።

ቲማሬቴ የበለሱን ቅርንጫፍ እንደጨበጠች ቀረች። አባቷን አምፊያስን ወደ ሌምኖስ የላከው ማን ሆነና? የአቴና ሕዝብ ራሱ ነው፤ እጁን አውጥቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ። «ሂዱ፣ ደሴቲቱን ያዙ፣ እረሱ፣ ባሕሩን ጠብቁልን» ብሎ ዕጣ አወጣ። ለአምፊያስ ዕጣው ደረሰውና ሚስቱን ይዞ ሄደ። ዜግነቱን እንደ ጫማ በር ላይ አውልቆ አልሄደም። እዚያው አረሰ፣ እዚያው ተዋጋ፣ እዚያው ሞተ። እሷም እዚያ ተወልዳ፣ ወላጆቿ ሲያልፉ ዛሬ በሕይወት በሌለው አጎቷ እጅ ወደ አቴና መጣች። ከደሴቲቱ የቀረላት ነገር ቢኖር አንደበቷ ብቻ ነው።

ነገሩ ከየት እንደመጣም ታውቃለች። ባለፈው ጸደይ አንቲዶሮስ ፍየሎቹን ለአማልክት በተከለለው መስክ ሲያሰማራ ከርሞ ነበር። ሁሉም አየ፣ ሁሉም በየቤቱ አጉረመረመ፤ በሸንጎ ተነሥቶ የተናገረው ግን ሚኮን ብቻ ነው። «የሁላችንን መስክ የአንድ ሰው ፍየል ለምን ይበላዋል?» አለ። አንቲዶሮስ ሳቀና ፍየሎቹን አወጣ። ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር።

«ተነሥ እንግዲህ» አለች በልቧ ለባሏ። «ለመስክ የተናገርክ ሰው ለልጅህ ተናገር።»

ሚኮን ተነሣ። «ሚስቴን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ» አለ። አፉ ደረቀና ተቀመጠ። በቃ፣ ይኸው ነበር።

ነጩ ጠጠር «ነው» ማለት ነው፤ ጥቁሩ «አይደለም»። እያንዳንዱ ሰው እጁን ጨብጦ ወደ እንስራው አፍ ይሰድዳል፤ ምን እንደጣለ የሚያውቀው እሱና የማለበት አምላክ ነው። ቲማሬቴ የጠጠሩን ድምፅ አንድ በአንድ ሰማች። ነጭም ሆነ ጥቁር ድምፁ አንድ ነው። እንስራው ሲገለበጥ ግን በሸንጎው ላይ ዝምታ ወደቀ፤ በዚያ ዝምታ የልጇን ዕጣ አወቀች።

*

ማታ ራት ሳይቀርብ ኬፊሶን «ይግባኝ እላለሁ» አለ። «ከተማ ወርጄ በሕዝብ ዳኞች ፊት እቆማለሁ።»

ሚኮን ከተቀመጠበት ቀና አላለም። «ይግባኝ ብለህ ብትሸነፍ ምን እንደሚመጣ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። ከተማው ባሪያ አድርጎ ይሸጥሃል። እንደ በሬ ጥርስህን አይተው ይሸጡሃል። ዝም ካልን ግን ሰው ሆነህ ትኖራለህ። መጤ ይሉሃል እንጂ ማን ይነካሃል? ስንቱ መጤ አቴና ውስጥ ሠርቶ ያድራል።»

«በአያቴ መሬት ላይ መጤ ልሁን?» አለ ልጁ። «መሬቱንስ ልትሰጠኝ ትችላለህ? መጤ መሬት አይወርስም።»

ቲማሬቴ እስከዚያ ድረስ የገብሱን ቂጣ ስትቆርስ ነበር። የቆረሰችውን መልሳ ቅርጫቱ ውስጥ ወረወረችው።

«‹ሚስቴን ታውቋታላችሁ› አልክ» አለችው ባሏን። «ከዚያስ? ምላስህን ድመት በላት? አባቴ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን እንደዳረኝ፣ በሠርጌ ዕለት ከእነዚያ ሰዎች ስንቱ የድግሱን ሥጋ በልቶ እንደዘፈነ አታውቅም?»

«በሰው ፊት ስትነሺ ነገር ይጠፋል።»

«ለፍየል ሲሆን አልጠፋህም።»

ሚኮን ፊቱን በእጁ አሻሸ። «ለእሱ የከፈልኩትን አይተሻል አይደል? አንድ ጊዜ አፌን ከፈትኩ፣ ልጄን ወሰዱብኝ። እንደገና ብከፍት የቀረውን ይወስዱታል። አንቺም ተይው። ነገ ምንጭ ስትወርጂ ከሴቶች ጋር እንዳትጣዪ። ሴት በአደባባይ ነገር ውስጥ ምን ቤት አላት?»

«የአደባባዩ ነገር በሬን ገፍቶ ገብቶ ልጄን ሲወስድ እኔ የት ልቀመጥ?»

 ልጁ የአባቱንም የእናቱንም ፊት አየና ወጥቶ ሄደ። ያን ቀን ራት የበላ የለም።

*

በማግስቱ ምንጩ ዘንድ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ አጽናኗት። አንዷ እንስራዋን ተቀበለቻት፤ ሌላዋ እጇን ያዘቻት። ሁሉን ቀድማ ያቀፈቻት የዴሜያስ ሚስት ሊሲላ ነበረች። አብረው ያረገዙ፣ አብረው የወለዱ፣ አንዷ ስትታመም የሌላዋ ጡት ለሁለቱ ልጆች የተረፈ ባልንጀሮች ናቸው።

«እህቴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሳለቅስ አደርኩ» አለች ሊሲላ። «ዴሜያስማ እህል አልቀመሰም። እሱ ነጩን ነው የጣለው፤ በልጆቹ ምሎልኛል።»

«የኔም ነጩን ነው» አለች ሁለተኛዋ።

«የኔስ ቢሆን? ‹እንዲህ ያለ ግፍ አይቼ አላውቅም› እያለ ነው ያደረው።»

እንዲህ እያሉ ዞሩ። በምንጩ ዙሪያ ባሏ ጥቁር የጣለ ሴት ጠፋች። ቲማሬቴ አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እንግዲያ ማን ጣለው?» አለች። «አማልክት ናቸው ወርደው እንስራውን የሞሉት? ወይስ የአንቲዶሮስ ፍየሎች ድምፅ ይሰጣሉ?»

ማንም አልሳቀም። ሊሲላ «እንዲህ አትበይ፣ ይሰማሻል» ብላ ጆሮዋ ላይ ሹክ አለች።

«ይስማ።»

እንስራዋን ሳትሞላ ይዛ ተመለሰች። መንገዱ ላይ ያጋጠማት ወንድ ሁሉ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በአክብሮት ሰላም አላት። ይህ ነው ደሟን ያፈላው። ጠላት ቢሰድባት ታውቀው ነበር። ፊቱን አዙሮ የሚሄድ ቢኖር «አንተ ነህ» ትለው ነበር። ሁሉም ያዝናል፣ ሁሉም ያጽናናል፣ እንስራው ግን ጥቁር ነበር።

*

ሳታስፈቅድ ወደ አቴና ወደብ ወደ ፒሬዎስ ወረደች። ሚኮን ከእርሻ ሲመለስ ቤቱን ባዶ አገኘው። ኬፊሶን አብሯት ሄዶ ነበር።

ፒሬዎስ ወደቡ አጠገብ፣ ዓሣ ከሚቀቀልበት ጠባብ ሰፈር፣ የአባቷ የአክስት ልጅ ሂፖክሌስ ይኖራል። ከአባቷ ጋር በአንድ መርከብ ሌምኖስ የወረደ፣ ከእሱ ጋር ያረሰ፣ ቀብሮትም የተመለሰ ሰው ነው። አሁን አርጅቷል። ጉልበቱ ስለሚያመው ከበሩ ደጃፍ ፀሐይ እየሞቀ ይውላል። የዳኝነት ዕጣ በወጣለት ቀን ግን ጉልበቱ አያመውም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ከተማ ይወጣል።

ነገሩን ነገረችው። ሽማግሌው ጺሙን እያከከ ሰማት።

«ልጄ፣ እኔ ስንቱን ስፈርድ ኖሬያለሁ መሰለሽ» አለ። «እውነቱን ልንገርሽ? አንዱንም ክርክር እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። የንግግር ጊዜ የሚለካው የውሃ ሰዓት መንጠባጠብ ሲጀምር ዓይኔ ይከደናል። አጠገቤ ያለውም እንደኔው ነው። ለዚያ ችሎት ነው ልጅሽን የምትሰጪው?»

«ለማን ልስጠው ታዲያ፣ አያ ሂፖክሌስ? ለአንቲዶሮስ?»

«ዝም በይ፣ ኑሪ እልሻለሁ። ከመንደር ሰው ጋር ተጣልቶ የበላ የለም። እኔም በዚህ ጉልበቴ ምስክርነት…»

«አባቴን ማን ቀበረው?»

ሽማግሌው ዓይኑን ወደ ወደቡ አዞረ።

«ማን ቀበረው ነው ያልኩህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ሲቀበር ምን ነበር? የሌምኖስ ሰው ነበር?»

«የአቴና ዜጋ ነበር» አለ ሂፖክሌስ፣ ድምፁ ትንሽ ጠነከረ። «የወገኖቹን ስም እየጠራ ነው የሞተው።»

«እንግዲያ ይሄንኑ ተናገር። ዕድሜህን ሙሉ ሌላው ሲናገር አንተ ተኛህ። አሁን አንተ ትናገራለህ፣ ሌላው ይተኛ። ካልመጣህ ግን ሌላ ጊዜ ያንን የዳኝነት ልብስህን ለብሰህ ስትወጣ ሰው እንዳያይህ። ሕዝብ ነኝ እያልክ አትዙር። ሕዝብ ማለት ድምፅ ሲሰጥ የሚነቃ፣ ሲጠየቅ የሚተኛ ከሆነ፣ እኔስ ሌምኖሳዊት ብባል ይሻለኛል።»

 ሽማግሌው ወደ ኬፊሶን ዞረና «አባቷም እንዲሁ ነበር» አለው። «ከመርከብ ሁለት ጊዜ ወደ ባሕር ሊወረውሩት ነበር። በል ልጄ፣ ያንን ምርኩዝ አቀብለኝ።»

*

ከችሎቱ በፊት የዴሜቴር የመከር መስዋዕት ደረሰ። በዚህ ቀን ወንዱም ሴቱም በአንድ መሠዊያ ዙሪያ ይቆማል። ዘንድሮ ሴቶቹን እንድትመራ የመረጡት ደግሞ ቲማሬቴን ነበር፤ ምርጫው የተደረገው ከጠጠሩ ነገር በፊት ነው። አንዳንዶች «አሁንስ ትተወው ይሆን?» ብለው ጠበቁ። እሷ ግን ነጭ ለብሳ፣ ፀጉሯን ሸፍና፣ የገብሱን ቅርጫት ተሸክማ ከሁሉ ፊት መጣች።

ገብሱ ተበተነ፤ አሳማው ታረደ። ጸሎቱ ሲያልቅ እንደ ወጉ ወደ ኋላ መመለስ ሲገባት አልተመለሰችም። ቀኝ እጇን ደሙ ገና ያልደረቀበት መሠዊያ ላይ አኖረች።

«አባቴ አምፊያስ አቴናዊ ነው» አለች። ያንኑ የደሴት አፏን ሳታለዝብ ተናገረች። «እናቴ አቴናዊት ናት። በሕግ ተድሬ፣ በሕግ ወልጃለሁ። ከዋሸሁ እርሻዬ አያብቅል፣ ማህፀኔ የሰጠኝን መሬት ትዋጠው።»

 በዚህም አላበቃችም።

«አንቲዶሮስ፣ ና። ሁለት ልጆች አሉህ፤ እዚያው አጠገብህ ቆመዋል። እጅህን በራሳቸው ላይ አድርግና ‹ይህች ሴት ባዕድ ናት› ብለህ ማል። ይግባኛችንን እንተዋለን። ልጄን ዛሬውኑ ከመንደሩ አስወጣዋለሁ።»

አንቲዶሮስ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይሄ የአምልኮ ቦታ ነው፣ ቲማሬቴ። ለክርክር ችሎት አለ። ሐዘን ላይ ያለች እናት የምትለውን…»

«ሐዘን ላይ አይደለሁም። ተቆጥቻለሁ። ማል።»

የጭቃ ሹሙ ሚስት ሁለቱን ልጆች እጃቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ አሳቧን ግን መንደሩ በሙሉ አየ። አንቲዶሮስም ባዶ በቀረው ቦታ እጁን የሚያኖርበት አጥቶ ልብሱን አስተካከለ።

«በችሎት እንገናኛለን» አለና ሄደ።

ሚኮን ከወንዶቹ መካከል ቆሞ ነበር። ሰው ሲበተን ወደ ሚስቱ መጣና ከጎኗ ተራመደ። ግማሽ መንገድ ከሄዱ በኋላ «በችሎቱ እኔ እናገራለሁ» አላት። እሷም «መናገር ይገባሃል» አለችው። ሌላ አልጨመረችም፤ ይቅር አላለችውምና።

*

በችሎቱ ቀን ቲማሬቴ ከፍርድ ቤቱ ቅጥር ውጭ፣ ዳቦ ከሚሸጡ ሴቶች አጠገብ ቆመች። በዕጣ የወጡት ዳኞች አልፈዋት ገቡ፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀዛፊ፣ ገበሬ፣ አንዱ ሽንኩርት እያኘከ፣ አንዱ ከወንድሙ ጋር እየተሳደበ። የልጇ ነፃነት በእነዚህ እጅ ነው። የትኛው ሊተኛ እንደመጣ ከፊታቸው ለማወቅ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ውስጥ የሆነውን በኋላ ኬፊሶን ነገራት። አንቲዶሮስ እንደለመደው ቃሉን እንደ ዘይት አፍስሶ ተናገረ። ሚኮን ተነሣ፣ እንደገና አፉ ደረቀ፣ ዳኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ። የዚህን ጊዜ ሚኮን ተቆጣ። «ለመስክ ስናገር ደፋር ነበርኩ፣ ለልጄ ስናገር ፈራሁ። ያስፈራኝ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ» አለና የመስኩን ነገር አንድም ሳያስቀር ዘረገፈው። ሂፖክሌስ ደግሞ ምርኩዙን ተደግፎ የአምፊያስን ቀብር ተናገረ። መጨረሻ ላይ ወደ ዳኞቹ ዞሮ «ወደ ሌምኖስ የላካችሁን እናንተ ናችሁ። እዚያ የወለድነው ሁሉ ባዕድ ከሆነ፣ ስትልኩን ትነግሩን ነበር» አላቸው። ከዳኞቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ከሌምኖስና ከሌላ ደሴት የተመለሱ ነበሩ። በዚያ ሰዓት የተኛ አልነበረም አለ ኬፊሶን።

ዳኛ ሁሉ ሁለት የነሐስ ክብ ይዟል፤ አንዱ መሃሉ ክፍት፣ ለአንቲዶሮስ ወገን፤ አንዱ ድፍን፣ ለልጁ። ጣሉ፣ ተቆጠረ። በጠባብ ልዩነት ልጁ አሸነፈ።

ኬፊሶን ከቅጥሩ ሲወጣ እናቱ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ ዳቦ ሻጮቹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የደስታ ልቅሶ ነው ብለው ያጽናኗት ነበር። የደስታ ብቻ አልነበረም። ጥቂት ነሐስ ወደ ሌላ ወገን ቢወድቅ ኖሮ ይህ ልጅ አሁን በገመድ ነበር የሚወጣው።

*

መንደሩ እንደገና ተሰበሰበ፤ የኬፊሶንን ስም ጻፈ። በዚህ ጊዜ ጠጠር አላስፈለገም፤ ሁሉም እጁን አወጣ። አንቲዶሮስ ራሱ ልጁን አቅፎ «ሕግ እንዲህ ነው፣ ጠይቆ ያጸናል» አለው።

ሚኮን አሳማ አርዶ፣ ወይን ቀድቶ መንደሩን ጠራ። ለወጉ ነው፤ ልጅ ሲጻፍ ይበላል። ቲማሬቴ ሥጋውን ጠብሳ፣ ቂጣውን ጋግራ፣ ማዕዱን ሁሉ አሰናዳች። ከዚያ እጇን ታጥባ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

መጀመሪያ የመጣው አንድ የላይኛው ሰፈር ሰው ነበር። «እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«የትኛውን ጣልክ?» አለችው።

«ምን?»

«ያን ቀን። ነጭ ነው ጥቁር?»

ሰውየው ሳቀ፤ አለመሳቋን ሲያይ ተወው። «ነጩን ነዋ።»

«እዚያ ቁም።»

ሁለተኛው መጣ። ነጭ። ሦስተኛውም ነጭ። ግቢው በነጭ ጣዮች ሞላ። የጥብሱ ሽታ ከውስጥ ይመጣል፣ ማንም ግን አልገባም። ሚኮን በጭንቀት ከኋላዋ መጥቶ ክንዷን ያዘ።

«ተይ እንጂ። ድምፅ ምስጢር ነው። ሕጉ ራሱ እንዳይጠየቅ ይላል።»

«ሕጉ ሸንጎ ውስጥ ነው። ይሄ ቤቴ ነው።»

ሊሲላ የማር ቂጣ በሳህን ይዛ፣ ከባሏ ከዴሜያስ ጋር መጣች። ቲማሬቴ ባልንጀራዋን እንኳ ሳታይ ወደ ባሏ ዞረች።

«ዴሜያስ፣ የትኛውን ጣልክ?»

«ኧረ ነገርኩሽ እኮ፣ እሱማ…» አለች ሊሲላ።

«ጥቁሩን» አለ ዴሜያስ።

ሳህኑ ከሊሲላ እጅ ሊወድቅ ነበር። ዴሜያስ ሚስቱን አላያትም፤ ላብ ከግንባሩ እየወረደ ቲማሬቴን ያያል።

«ከምንጩ ወደ እርሻዬ የሚወርደው ውሃ በአንቲዶሮስ መሬት ነው የሚያልፈው» አለ። «በዋዜማው መጥቶ ስለ ውሃው አወራኝ። ስለ ኬፊሶን አንድም ቃል አላነሣም፤ ስለ ውሃው ብቻ። ገባኝ። ልጅሽ በኔ ሚስት ጡት ነው ያደገው። ይሄን እያወቅኩ ጣልኩ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሌላ የምለው የለኝም፤ ልሂድ።»

 ሊመታው የተነሣውን የቲማሬቴን እጅ ሚኮን አየው፤ እሷም አየችው፤ መልሳ አወረደችው። ከበሩ ዘወር አለች።

«ግባ» አለችው።

«ምን?»

«ግባና ብላ ነው ያልኩህ። እዚያ፣ ከልጄ ጎን ተቀመጥ። ይቅር አላልኩህም። ግን አንተን አውቄሃለሁ።»

ዴሜያስ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ። ኬፊሶን ተነሥቶ ቦታ ለቀቀለት፤ ሥጋ ቆርሶ ፊቱ አኖረ። ሰውየው ሥጋውን ያዘ፤ እንባው ጺሙ ላይ ይወርድ ጀመር።

ሊሲላ ሳህኗን ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቀረች። «እኔስ?» አለች በቀስታ።

«አንቺ አልዋሸሽኝም፤ አንቺንም ዋሽቶሽ ነው» አለቻት ቲማሬቴ፣ ሳህኑንም ተቀበለቻት።

ግቢው ውስጥ የቆሙት ወንዶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ እግሩን አነሣ፣ ወደ በሩ ሊሄድ፤ መልሶ አኖረው። አንዳንዶቹ ቀስ እያሉ በአጥሩ በኩል ወጡ። የቀሩት ፀሐይ እስኪያዘነብል እዚያው ቆሙ፤ ቲማሬቴም በሩን ሳትለቅ፣ ሳትቀመጥ፣ አንድ በአንድ እያየቻቸው ቆመች።